ምሕንድስናን በእጅ ማስተማር፦ በኢንተርኔት በነጻ የሚገኙ የማስተማሪያ ጽሑፎችና የመሐንዲሱ ድርሻ

(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



በአገራችን እጅግ ብዙ ተማሪ የሚማረው በቆርቆሮ ጣራ ሥር ነው። ዝናብ ሲጥል የጣራው ድምፅ የመምህሩን ቃል ይውጠዋል፤ ፀሐይ ስትበረታ ደግሞ ሙቀቱ ክፍሉን ያስጨንቀዋል። ከዚህ ውጭ ስለ ጣራው በክፍል ውስጥ የሚነገር ነገር ብዙም የለም። ቆርቆሮው ስለምን ልሙጥ ሳይሆን ሸንተረር እየሠራ እንደ ተበጀ፣ ሸንተረሩም ስለምን በአግድሙ ሳይሆን ከላይ ወደ ታች እንደ ወረደ ሳይጠየቅ ተማሪው ትምህርቱን ጨርሶ ይወጣል። ጥያቄው ቢነሣ ኖሮ ግን የሒሳብን፣ የፊዚክስንና የምሕንድስናን በር በአንድ ጊዜ የሚከፍት ነበር።

ጥያቄው የማይነሣው መምህሩ ሰነፍ ስለ ሆነ አይደለም። ስድሳና ሰባ ተማሪ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ፣ በአርባ ደቂቃ ውስጥ የዕለቱን ምዕራፍ መጨረስ ያለበት መምህር አዲስ የእጅ ሙከራ ከራሱ አፍልቆ፣ ዕቃውን አሰባስቦ፣ አስቀድሞ ሞክሮ ወደ ክፍል ይግባ ማለት ከሚችለው በላይ መጠየቅ ነው። ስለዚህም በልዩ ልዩ አገሮች መሐንዲሶችና የትምህርት ባለሙያዎች ይህን ድካም አስቀድመው በመሸከም፣ ተሞክረው የተረጋገጡ የምሕንድስና ትምህርቶችን አዘጋጅተው በኢንተርኔት አማካይነት ለማንኛውም መምህር ያለ ዋጋ መስጠት ከጀመሩ ከሃያ ዓመታት በላይ ሆኗል። የዚህ ንግግር ዓላማ እነዚህ ጽሑፎች ከየት እንደ መጡ፣ በውስጣቸው ምን እንዳለ፣ ክፍል ውስጥ ሲገቡ ምን እንደሚገጥማቸው፣ መሐንዲሱም በዚህ ረገድ ምን ድርሻ እንዳለው ማመልከት ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከጦርነት ፍርስራሽ የተወለደ መጽሐፍ

ለመምህራን የሙከራ መመሪያ ማዳረስ ከኢንተርኔት ጋር የተወለደ ሐሳብ አይደለም። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ በብዙ አገሮች የትምህርት ቤቶች ላቦራቶሪዎች ወድመው ነበር። ዩኔስኮ በ1948 በጦርነት በወደሙ አገሮች ለሚያስተምሩ የሳይንስ መምህራን አንድ አነስተኛ የምክር መጽሐፍ አሳተመ። ያዘጋጀው ጄ. ፒ. ስቲቨንሰን የተባለ የለንደን መምህር ሲሆን፣ ፍሬ ነገሩ በአጭሩ ላቦራቶሪ እስኪሠራ ድረስ ትምህርት መቆም የለበትም የሚል ነበር። ጠርሙስ፣ ጣሳ፣ ሽቦ፣ ሻማና ክር ካለ ሚዛን ይሠራል፤ የአየር ግፊት ይለካል፤ የብርሃን ጉዞ ይታያል።

ከዚያ በኋላ የታየው ነገር አዘጋጆቹ ያላሰቡት ነበር። መጽሐፉ ላቦራቶሪያቸው በፈረሰባቸው አገሮች ከነበረው ተፈላጊነት ይልቅ ከመጀመሪያውም የላቦራቶሪ ዕቃ ባልነበራቸው አገሮች ያገኘው ተቀባይነት በለጠ። ዩኔስኮም ይህን ተመልክቶ በ1956 ሰፋ ያለ የሳይንስ ማስተማሪያ ምንጭ መጽሐፍ አወጣ። ይህ መጽሐፍ ወደ ብዙ ቋንቋዎች ተተርጕሞ ደጋግሞ ታትሟል። ከዚህ የሚገኘው የመጀመሪያው ትምህርት፣ ለችግር ጊዜ ተብሎ የተዘጋጀ ቀላል መሣሪያ ብዙውን ጊዜ ለዘወትር ትምህርትም የተሻለው መሣሪያ ሆኖ መገኘቱ ነው። ተማሪው በገዛ እጁ የሠራውን ሚዛን አሠራሩን ያውቀዋል፤ ከሳጥን የወጣውን ግን ቍጥሩን ብቻ ያነብበታል።

የሆሻንጋባድ ሠላሳ ዓመታት

ሁለተኛው ምዕራፍ የተከፈተው በሕንድ ነው። በማድያ ፕራዴሽ ክፍለ ሀገር፣ በሆሻንጋባድ አውራጃ፣ በ1972 በ16 የገጠር ትምህርት ቤቶች አንድ አዲስ የሳይንስ ትምህርት ሙከራ ተጀመረ። ሐሳቡን ያመነጩት ሁለት የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ሲሆኑ፣ ከዴልሂ ዩኒቨርሲቲና ከታታ የመሠረታዊ ምርምር ተቋም የመጡ ሳይንቲስቶች ከገጠር መምህራን ጋር እየተቀመጡ ትምህርቱን አብረው አዘጋጁ። ተማሪዎቹ ከመጽሐፍ መልስ ከመሸምደድ ይልቅ በአራትና በአምስት እየተቧደኑ ይሞክሩ፣ ያዩትን ይጽፉ፣ በውጤቱም ይከራከሩ ነበር። ፕሮግራሙ በ1978 በአውራጃው ወዳሉት መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሙሉ ተስፋፋ።

የሆሻንጋባድ ሰዎች ሌሎች የዘነጉትን አንድ ጕዳይ አልዘነጉም፤ እሱም ፈተና ነው። ትምህርቱ በእጅ ሆኖ ፈተናው በሽምደዳ ከቀረ፣ መምህሩም ተማሪውም ወላጁም ወደ ሽምደዳው ማዘንበላቸው እንደማይቀር ዐውቀው ፈተናውንም አብረው ለወጡት። ተማሪው መጽሐፉንና ማስታወሻውን ይዞ ይገባል፤ የሚጠየቀውም የሚያስታውሰውን ሳይሆን የሚያመዛዝነውን ነው፤ ከዚህም ሌላ በእጅ የሚሠራ የተግባር ፈተና ነበረው።

ይህ ሥራ ሠላሳ ዓመት ከቆየ በኋላ በ2002 በክፍለ ሀገሩ መንግሥት ውሳኔ ተዘጋ። ብዙ ሳይንቲስቶችና መምህራን ተቃውመው ነበር፤ ውሳኔው ግን አልተለወጠም። ሆኖም ሁሉም ነገር አልጠፋም። መጽሐፎቹ፣ የሙከራ መመሪያዎቹና ከሁሉም በላይ በሥራው ውስጥ ያለፉት ሰዎች ቀርተዋል። ከእነዚህ ሰዎች አንዱ መሐንዲስ ነበር።

አርቪንድ ጉፕታ በ1975 ከካንፑር የሕንድ የቴክኖሎጂ ተቋም በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተመርቆ በፑኔ ከተማ በአንድ የጭነት መኪና ፋብሪካ ተቀጠረ። በ1978 ከፋብሪካው ፈቃድ ወስዶ ወደ ሆሻንጋባድ ሄደ። በዚያም በገጠር ገበያ ለሽያጭ የቀረቡትን ርካሽ ዕቃዎች በመሐንዲስ ዐይን መመልከት ጀመረ። የብስክሌት ጎማ መንፊያ ላይ የሚገባውን ቀጭን የጎማ ቱቦ አጫጭር አድርጎ ቈረጠ፤ በሁለቱ ጫፎቹ የክብሪት እንጨት አስገባ፤ በዚህም የሚተጣጠፍ መገጣጠሚያ አገኘ። ከዚህ መገጣጠሚያ ሦስት ማዕዘን፣ አራት ማዕዘን፣ ፒራሚድና ቤት እየተሠራ የቅርጾች ጥንካሬ በልጅ እጅ ይለካ ጀመር። ጉፕታ በኋላ ዕድሜውን ለዚህ ሥራ ሰጠ፤ የጻፋቸውንና የሰበሰባቸውን መጻሕፍት፣ ከውድቅ ዕቃ የሚሠሩ መጫወቻዎችንም የሚያሳዩ አጫጭር ፊልሞችን በኢንተርኔት በነጻ አስቀመጠ። በ2018 የሕንድ መንግሥት ፓድማ ሽሪ የተባለውን የክብር ሽልማት ሰጠው። አንድ የመንግሥት ውሳኔ ፕሮግራሙን መዝጋት ችሏል፤ በነጻ የተበተነውን ዕውቀት ግን መልሶ መሰብሰብ አልቻለም። የነጻ ጽሑፍ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል።

የኮሎራዶው ቤተ መጻሕፍት

በአሜሪካ የዚህ ዓይነቱ ሥራ የተጀመረው በሌላ መንገድ ነው። የአገሪቱ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን በ1999 ባቋቋመው ፕሮግራም በሳይንስና በምሕንድስና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ወደ አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እየሄዱ ከመምህራን ጎን እንዲሠሩ ተደረገ። እነዚህ ወጣት መሐንዲሶች ከመምህራኑ ጋር ያዘጋጁዋቸው ትምህርቶች በየዓመቱ ተከማቹ። ተማሪው ተመርቆ ሲሄድ ትምህርቱ በመሳቢያ ውስጥ እንዳይቀር በማሰብም ቲች ኢንጂነሪንግ የተባለው የኢንተርኔት ቤተ መጻሕፍት ተመሠረተ። ቤተ መጻሕፍቱን የሚያስተዳድረው በቦልደር የሚገኘው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 12ኛ ክፍል የሚያገለግሉ ከ1,500 በላይ ትምህርቶችና የእጅ ሥራዎች ለማንኛውም አንባቢ ያለ ክፍያ ክፍት ናቸው። በ2013 በአሜሪካ የወጣው አዲሱ የሳይንስ ትምህርት መለኪያ የምሕንድስና ንድፍን ከሳይንስ ጋር አብሮ እንዲሰጥ በመደንገጉ የእነዚህ ጽሑፎች ተፈላጊነት ይበልጥ ጨመረ።

የአንዱን ትምህርት አቀማመጥ መመልከት ይጠቅማል፤ ምክንያቱም አቀማመጡ ራሱ የምሕንድስና ሥራ ነው። ከላይ የትምህርቱ አሳብ በጥቂት ዐረፍተ ነገር ይገለጻል። ቀጥሎ ጕዳዩ በእውነተኛው ዓለም መሐንዲሶች ከሚሠሩት ሥራ ጋር ምን ግንኙነት እንዳለው ይነገራል። የክፍሉ ደረጃ፣ የሚፈጀው ጊዜ፣ በአንድ ቡድን የሚሆኑት ተማሪዎች ቍጥር፣ ለአንድ ቡድን የሚያስፈልገው ወጪ በቍጥር ይቀመጣል። የዕቃዎቹ ዝርዝር፣ የአሠራሩ ቅደም ተከተል፣ ከአደጋ መጠበቂያው፣ የመመዘኛ ጥያቄዎቹ ይከተላሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሥራው ሳይሳካ ሲቀር ምን መደረግ እንዳለበት የሚመክረው ክፍል ነው። ሙጫው ባይደርቅ፣ ክሩ ቢበጠስ፣ ተማሪዎቹ ቢከፋፈሉ መምህሩ ምን ያድርግ? ይህን ክፍል ሊጽፍ የሚችለው ትምህርቱን በእውነተኛ ክፍል ውስጥ ሞክሮ የወደቀ ሰው ብቻ ነው።

በእነዚህ ትምህርቶች ሁሉ ውስጥ የሚመላለሰው ሥርዐት ሰባት ደረጃ አለው፦ ፍላጎቱንና ገደቡን መጠየቅ፣ ማጥናት፣ አማራጭ አሳቦችን ማመንጨት፣ አንዱን መርጦ ማቀድ፣ መሥራት፣ መፈተሽ፣ ማሻሻል። ለመሐንዲስ ይህ የዕለት ሥራው ነው። ለተማሪ ግን አዲስ ነገር የሚሆንበት አንድ ምክንያት አለ፤ ስሕተት እንደ ጥፋት የማይቈጠርበት፣ ይልቁንም ለሚቀጥለው ሙከራ መነሻ የሚሆንበት ብቸኛ የትምህርት ሰዓት ሊሆን ይችላል።

አንድ ወረቀት፣ አንድ ፍሬ ሽምብራ

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት ወደ ቆርቆሮው ጣራ መመለስ ያሻል። ለዚህ ትምህርት የሚያስፈልገው አንድ ተራ የጽሕፈት ወረቀት፣ በሁለት ቦታ የተቈለሉ መጻሕፍትና ጥቂት ሳንቲሞች ናቸው። መጻሕፍቱ 20 ሳንቲ ሜትር ተራርቀው ይቀመጣሉ፤ ወረቀቱ እንደ ድልድይ በላያቸው ይዘረጋል። ወረቀቱ ገና ሳንቲም ሳይቀመጥበት በራሱ ክብደት ይጎብጣል፤ ሳንቲም ሲያርፍበት ይወድቃል። ከዚያ ያው ወረቀት ወደ ላይና ወደ ታች እየተፈራረቀ፣ እንደ ማራገቢያ፣ በ1.4 ሳንቲ ሜትር ስፋት በርዝመቱ ይታጠፍና 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ እንዲኖረው ተከፍቶ ይዘረጋል። አሁን ሳንቲሞቹን ይሸከማል። ወረቀት አልተጨመረም፤ የተለወጠው ቅርጹ ብቻ ነው።

የላይኛው ክፍል ተማሪ ቍጥሩንም ሊያወጣው ይችላል። የወረቀቱ ውፍረት 0.1 ሚሊ ሜትር፣ ስፋቱ 210 ሚሊ ሜትር ነው። ልሙጥ ሆኖ ሲዘረጋ መጕበጥን የሚቋቋምበት መለኪያ፣ ስፋቱ በውፍረቱ ኩብ ተባዝቶ ለ12 ሲካፈል፣ 0.0175 ይሆናል። ታጥፎ 10 ሚሊ ሜትር ከፍታ ሲያገኝ ያው 21 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነው ገጽታ በከፍታው ካሬ ተባዝቶ ለ12 ሲካፈል 175 ይሆናል። ጥንካሬው ዐሥር ሺህ ጊዜ ዐደገ ማለት ነው።

ትምህርቱ ግን እዚህ ላይ አያበቃም። ተማሪዎቹ ሳንቲም እየጨመሩ ሲሄዱ የታጠፈው ወረቀት ስሌቱ ከሚለው እጅግ ቀድሞ ይወድቃል። ስለምን? በቅርብ የተመለከተ ተማሪ እጥፋቶቹ ወደ ጎን እየተከፈቱ፣ ከፍታውም እየቀነሰ እንደ ሄደ ያያል። መፍትሔው ምንድር ነው? አንዱ ቡድን ጫፎቹን በክር ያስራል፤ ሌላው ከላይና ከታች ልሙጥ ወረቀት በሙጫ ይለጥፋል። የለጠፈው ቡድን ሳያውቀው ካርቶን ሠራ። የሱቅ ካርቶን በምላጭ ተቈርጦ ውስጡ ሲታይ የገዛ ሥራውን በዚያ ያገኘዋል። ከዚያ በኋላ ነው መምህሩ ጣቱን ወደ ጣራው የሚያነሣው። የለንደኑ መሐንዲስ ሄንሪ ፓልመር በ1829 በስሙ ያስመዘገበው ሸንተረራማ የብረት ቆርቆሮ በዚሁ ምክንያት የተበጀ ነው፤ ስስ ብረት በመታጠፉ ብቻ ከአንዱ ማገር እስከ ሌላው ይዘረጋል፤ ሸንተረሩ ከላይ ወደ ታች መውረዱም በአንድ በኩል ሸክሙን ወደ ማገሮቹ ያደርሳል፣ በሌላ በኩል ውኃውን ያወርዳል።

ሌላው ትምህርት ከዚህም ያነሰ ወጪ አለው። ሌሊቱን ውኃ ውስጥ የተዘፈዘፈ ሽምብራና ስቴኪኒ ይቀርባል። ስቴኪኒው በለሰለሰው ሽምብራ እየተሰካ አራት ማዕዘን ይሠራል፤ በጣት ሲነካ ይንጋደዳል። ሦስት ማዕዘን ሲሠራ ግን ጎኑ ካልተሰበረ በቀር አይንቀሳቀስም። ሽምብራው በማግስቱ ሲደርቅ ተኰማትሮ እንጨቱን አጥብቆ ይይዛል፤ ሌላ ማጣበቂያ አያስፈልግም። የመዋዕለ ሕፃናት ትምህርት መሥራች የሆነው ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮቤል ይህን ሥራ በአተር ያሠራ ነበር። ስመ ጥሩው አሜሪካዊ የንድፍ ሰው ባክሚንስተር ፉለርም በ1899 በመዋዕለ ሕፃናት ሳለ ዐይኑ በደንብ ስለማያይ የሌሎቹን ልጆች ኩብ መሥራት አቅቶት፣ በጣቱ እየዳሰሰ የሚጸናውን ቅርጽ ሲፈልግ በሦስት ማዕዘን የተያያዘ መዋቅር እንዳገኘ በኋላ ተርኳል። የገጠሩ ተማሪ ይህን ከሠራ በኋላ የአያቱን ሳር ቤት ወራጅ ቀና ብሎ ቢመለከት፣ ሙያውን ከየት መማር እንደሚችል ሌላ አስረጂ አያስፈልገውም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለዚህ ነው።

ነጻ የሚባለው ነገር ዋጋ

እስከዚህ የተባለው መልካሙ ገጽታ ነው። ጽሑፉ ያለ ገንዘብ መገኘቱ ግን ያለ ዋጋ ሥራ ላይ ይውላል ማለት አይደለም። በመምህሩና በነጻው ትምህርት መካከል ቢያንስ አራት እንቅፋቶች አሉ።

የመጀመሪያው መገናኛው ነው። ኢንተርኔት በሌለበት ወይም መብራት በሚጠፋበት ትምህርት ቤት የኮሎራዶው ቤተ መጻሕፍት የሩቅ ወሬ ነው። ለዚህ የቴክኒክ መፍትሔ ተገኝቶለታል። ኮሊብሪን የመሰሉ በነጻ የሚሰጡ ፕሮግራሞች ትምህርቶቹን ከተማ ላይ አንድ ጊዜ ጭነው፣ በመዳፍ በምትያዝ አነስተኛ ኮምፒዩተር አማካይነት ኢንተርኔት ለሌለው ትምህርት ቤት ያደርሳሉ። የታተመ ወረቀትም ገና ጊዜው አላለፈበትም፤ ስለ ወረቀት ድልድይ የሚያስተምር ትምህርት በወረቀት ቢመጣ ነውር የለውም።

ሁለተኛው ቋንቋና ዕቃ ነው። በአሜሪካ የተጻፈው የዕቃ ዝርዝር የአይስክሬም እንጨት፣ የመጠጥ መምጠጫና የወረቀት ፕላስተር ያዛል። ዝርዝሩን ቃል በቃል የተረጐመ ሰው መምህሩን ወደ ሌለ ሱቅ ይልከዋል። የሚያስፈልገው ትርጕም የቃል ሳይሆን የዕቃ ነው፤ በእንጨቱ ፈንታ ቀርከሃ፣ በመምጠጫው ፈንታ ሸምበቆ ወይም ስንደዶ፣ በፕላስተሩ ፈንታ ሲባጎ። ዕቃው ሲለወጥ ግን ውጤቱም ይለወጣል። ሸምበቆ የመምጠጫን ያህል አይተጣጠፍም፤ ስለዚህ ትምህርቱ እንደገና መሞከር አለበት። ይህ የመሐንዲስ ሥራ ነው።

ሦስተኛው ጊዜና ፈተና ነው። የእጅ ሥራ ከገለጻ ይልቅ ጊዜ ይወስዳል፤ አገር አቀፍ ፈተናው የማይጠይቀውን ነገር ለማስተማር የሚደፍር መምህርም ጥቂት ነው። ሆሻንጋባድ ፈተናውን ለመለወጥ መብት አግኝቶ ነበር፤ ብዙዎች ይህ መብት የላቸውም። ስለዚህ የእጅ ሥራው ከመደበኛው ምዕራፍ ጎን እንደ ተጨማሪ ሸክም ሳይሆን የምዕራፉ ማስረጃ ሆኖ መግባት አለበት። የወረቀቱ ድልድይ ስለ ኃይል፣ ስለ ልኬትና ስለ ሠንጠረዥ አያያዝ በሚያስተምረው ምዕራፍ ውስጥ ቦታ ካላገኘ ከአንድ ቀን ትዕይንት አያልፍም።

አራተኛው፣ ምናልባትም ከሁሉ የሚከብደው፣ የመምህሩ ሥልጣን ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት አማካይነት በቴሌቪዥን የሚሰጥ ትምህርት ተጀመረ፤ መምህራኑም ተማሪዎቹም ፕላዝማ ይሉት ነበር። ሐሳቡ ቅን ነበር፤ የሠለጠነ መምህር ላላገኘ ትምህርት ቤት እኩል ትምህርት ለማድረስ የታቀደ ነው። ነገር ግን የስክሪኑ መምህር በእንግሊዝኛ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል፤ ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያነሣ አያየውም፤ የክፍሉም መምህር ሊያስቆመው አይችልም። ለእሱ የቀሩት ከትምህርቱ በፊትና በኋላ ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነበሩ። ከዚህ ተሞክሮ የተነሣ ከሩቅ የመጣ ትምህርት ሁሉ ሌላ ፕላዝማ እንዳይሆን የሚሠጋ መምህር ቢኖር ሥጋቱ ተገቢ ነው። ልዩነቱ ግን መሠረታዊ ነው። በነጻ የሚገኘው የትምህርት ጽሑፍ መምህሩን አይተካም፤ ያለ መምህሩ እጅ ከቶ አይንቀሳቀስም። መምህሩ ይቈርጠዋል፣ ይቀጥለዋል፣ ካልወደደው ይተወዋል። ይህ ነጻነት ከዋጋ ነጻነቱ ይበልጣል።

በዚህ ላይ የእድሳት ጕዳይ አለ። የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚው ካርል ዊማን በ2002 በኮሎራዶ የመሠረተው ፌት የተባለ ፕሮግራም የኤሌክትሪክ ዑደትን፣ ሞገድንና ኃይልን በኮምፒዩተር ላይ የሚያሳዩ በነጻ የሚሰጡ ሞዴሎችን አዘጋጅቷል። ከሞዴሎቹ ብዙዎቹ የተሠሩበት ፍላሽ የተባለው ቴክኒክ በ2020 መጨረሻ ከአገልግሎት ወጣ፤ ፌትም ሞዴሎቹን በአዲስ ቴክኒክ እየጻፈ ተክቷቸዋል። ይህን ለማድረግ ገንዘብና ሰው ያልነበራቸው ሌሎች ብዙ ነጻ ትምህርቶች ግን በዚያው ቀሩ። እንደ ድልድይና እንደ መንገድ ሁሉ፣ ትምህርትም ጠባቂ ያስፈልገዋል።

የመሐንዲሱ ድርሻ

በአገራችንም ይህ ሥራ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በ1970ዎቹ ዓመተ ምሕረት በየትምህርት ቤቱና በየአውራጃው በተቋቋሙት የፔዳጎጂ ማዕከላት መምህራን ከካርቶን፣ ከእንጨት፣ ከጭቃና ከጣሳ የትምህርት መርጃ መሣሪያ ይሠሩ ነበር። የጎደላቸው ብልኃት አልነበረም። የአንዱ ማዕከል ሥራ ወደ ሌላው የሚደርስበት መንገድ፣ የተሠራውም መሣሪያ ከእነጥፋቱ ተጽፎ የሚቀመጥበት ቦታ አልነበረም። አንድ መምህር ሲዛወር ዕውቀቱ አብሮት ይዛወራል። ዛሬ ይህን ጉድለት ለመሙላት የሚያስፈልገው ቴክኒክ በእያንዳንዱ ስልክ ውስጥ አለ።

ስለዚህ መሐንዲሱ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ ስለ ሙያው ክብር ንግግር ለማድረግ መሄዱ ብዙ አይጠቅምም። የሚጠቅመው ከዚህ ያነሰ የሚመስል፣ ግን የሚከብድ ሥራ ነው። አንድ ሰው አንድ ትምህርት ይምረጥ። ከአንድ መምህር ጋር ይቀመጥ፤ መምህሩ ስለ ተማሪው፣ መሐንዲሱም ስለ ዕቃው የሚያውቀውን ያምጣ። ዕቃውን በአካባቢው በሚገኝ ይተካ፤ ዋጋውን በብር ይጻፍ። በእውነተኛ ክፍል፣ በሙሉው የተማሪ ቍጥር ይሞክረው። የወደቀውን አይደብቅ፤ ስለምን እንደ ወደቀ ጽፎ፣ አሻሽሎ ደግሞ ይሞክረው። በመጨረሻም ተማሪው በሚገባው ቋንቋ አስተካክሎ፣ ለማንም በነጻ እንዲደርስ ያድርገው። ሰባቱ የንድፍ ደረጃዎች ማለት ይኸው ነው፤ ለልጆች የሚያስተምረውን ሥርዐት መሐንዲሱ በገዛ ሥራው ላይ ካልፈጸመው ሌላ ሊፈጽመው አይችልም።

በዚህ ዓይነት አንድ ማኅበር በዓመት ዐሥር ትምህርት ብቻ ቢያወጣ ቍጥሩ ከኮሎራዶው ጋር አይወዳደርም። ነገር ግን ዐሥሩም በዚህ አገር ዕቃ፣ በዚህ አገር የክፍል ብዛት፣ በዚህ አገር የጊዜ ልክ የተፈተኑ ይሆናሉ፤ ሌላ ቤተ መጻሕፍት ሊሰጣቸው የማይችል ዐሥር ትምህርቶች ናቸው።

ይህ ካልሆነስ? ጉዳቱ ወዲያውኑ አይታይም። ተማሪው ቀመሩን ሸምድዶ ያልፋል፤ ከጊዜ በኋላም ከእነዚሁ ተማሪዎች መካከል ወደ ምሕንድስና ኮሌጅ የሚገቡ ይኖራሉ። ዩኒቨርሲቲው ሲቀበላቸው ስሌት የሚያውቁ፣ ዕቃ ግን ነክተው የማያውቁ ይሆናሉ። ብረት እንዴት እንደሚጎብጥ በወረቀት ላይ ያሰሉ እንጂ ሲጎብጥ አላዩም። ግንብ ሲሰነጠቅ፣ ጣራ ሲገነጠል፣ ድልድይ ሲዘም የሚከፈለው ዋጋ የነጻውን ትምህርት ቸል ያለው ትውልድ የሚከፍለው ነው።

አንድ ልጅ በታጠፈ ወረቀት ላይ ዐሥራ አንደኛውን ሳንቲም በጥንቃቄ ሲያስቀምጥ፣ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። ወረቀቱ ይጸና ወይም ይወድቅ እንደ ሆነ ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም፤ መምህሩም መልሱን ከመጽሐፍ ሊነግረው አይችልም። ሲወድቅ ተማሪው ጎንበስ ብሎ እጥፋቱን ይመረምራል፤ ከዚያም ቀና ብሎ ጣራውን ያያል። ያንን ጣራ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ያን ዕለት ነው።